ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

ሽሮሜዳ የኮምፒውተር ጥልፍ ዲዛይን የምትሠራ አንዲት ወጣት በቅርቡ አስጠራችኝ። «ጋሼ፣ ፎርኬ ሞኒተር ገዝቼ ማውሱ ይጎተትብኛል። ኮምፒውተሩ አርጅቶ ይሆን? ልለውጠው ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው» አለችኝ።

የጥለቱን ጠርዝ አጉልታ ማውሷን ስታንቀሳቅስ፣ ቀስቷ እየዘለለች ከእጇ ወደ ኋላ ትቀራለች። ሴቲንግ ገብቼ ሪፍሬሽ ሬቱን ሳይ 30 ሄርዝ ይላል። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አልኩ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ከጀርባው ቪጂኤና ሁለት ዲስፕሌይ ፖርት እንጂ ኤችዲኤምአይ የለውም። እሷም ጣት የምታህል ኮንቨርተር ሰክታ፣ በላዩ ኤችዲኤምአይ ገመድ ቀጥላለች። ጥፋቱ የዚያች ኮንቨርተር ነበር።

ሪዞሉሽን የነጥቦቹ ብዛት ነው፤ ሪፍሬሽ ሬት ደግሞ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይነግረናል። ሰው የሚዘነጋው የሁለቱን ብዜት ነው። ፎርኬ 3840 በ2160 ነው፤ 8,294,400 ነጥብ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቀለም እንስጥና በ60 ሄርዝ እናባዛው፦ በሰከንድ 12 ጊጋቢት ገደማ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 «10.2 ጊጋቢት» ይባላል፤ ነገር ግን ከሚልካቸው 10 ቢቶች የምስል የሆኑት 8ቱ ብቻ ስለሆኑ ለምስሉ የሚተርፈው 8.16 ነው። 12 በ8 ውስጥ አይገባም። በ30 ሲባዛ ግን 6 ስለሚሆን ያልፋል። ርካሽ ኮንቨርተሮች ብዙ ጊዜ ከዚህ መጠን አያልፉም። ኮምፒውተሩም አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ዝም ብሎ ወደ 30 ይወርዳል፤ ስክሪኑ ስለበራ ሁሉም ደህና ይመስላል።

እዚህ ጉለሌ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮሜዳ ስሠራ በየቀኑ የምሰማው «ከገባ ይሠራል» የሚለውን ነው። እባካችሁ ይህን አባባል ተዉት። ያቺ ኮንቨርተር አቅጣጫም አላት፤ ከኮምፒውተር ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ እንጂ በተቃራኒው አትሠራም። ገልብጠው ሰክተው ስክሪኑ ሲጨልምባቸው ደህናውን ሞኒተር «ተቃጥሏል» ብለው ያመጡልኝ ሰዎች አሉ።

ካርቶኑ ላይ «2.1 ኬብል» የሚል ጽሑፍም አያታላችሁ። 1.4፣ 2.0፣ 2.1 የሚባሉት ቁጥሮች የመሣሪያውና የፖርቱ ናቸው። ገመድ የሚመዘነው በሚሸከመው ፍጥነት ነው፦ ሃይ ስፒድ 10.2፣ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ 18፣ አልትራ ሃይ ስፒድ 48 ጊጋቢት። ለፎርኬ በ60 ሁለተኛው፣ በ120 ሦስተኛው ያስፈልጋል። ሁለቱም ማሸጊያቸው ላይ በስልክ ስካን የሚደረግ ምልክት አላቸው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ስካን አድርጉት።

ወርቅ የተቀባ ጫፍ ዝገት ይከላከል እንደሆነ እንጂ ቀለም አያደምቅም። የድሮው ቪጂኤ ሲደክም ምስሉ ይደበዝዛል። የዲጂታል ገመድ ግን ሲያቅተው ነጭ ነጠብጣብ ይረጫል ወይም ስክሪኑን ለአፍታ ያጨልማል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር ይህ ይብሳል፤ ስለዚህ ሁለት ሜትር ከበቃችሁ አሥር ሜትር አትግዙ። ስትነቅሉም ሶኬቱን እንጂ ሽቦውን አትጎትቱ።

ለጌም ቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር ልበል፦ ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዝታችሁ ሴቲንጉን 60 ላይ አትተዉት። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ራሱ አይለውጠውም።

የልጅቷ ሞኒተር ዲስፕሌይ ፖርት ነበረው። ኮንቨርተሯን አውጥቼ አንድ የዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋሁና ሴቲንጉን 60 ላይ አደረግሁት። ቀስቷ ከእጇ እኩል ሄደች። ለኮምፒውተር ያጠራቀመችው ገንዘብ አሁን ክር ይገዛበታል።