«ዳቦ ሳይኖረን ሳተላይት?»

ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በጠዋቱ እንጦጦ ላይ ሰዎች ተሰብስበው የቀጥታ ስርጭት እያዩ ነበር። 72 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲ አር ኤስ ኤስ 1 ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል መጠቀች። ከዛን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ዳቦ ሳይኖረን ሳተላይት ምን ይሰራልናል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ በደንብ እንየው።

መጀመሪያ ምን ታያለች? ቤታችሁን አትሰልልም። ምስሏ ላይ አንዷ ፒክስል መሬት ላይ ከ13 ሜትር በላይ ስፋት ስለምትሸፍን ሰው ቀርቶ መኪናም አይለይም። የምታየው ማሳ፣ ደንና ውሃ ነው። ጤነኛ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን በብዛት ያንጸባርቃል። ውሃ የጠማው ሰብል ላይ ግን ይሄ ይቀንሳል። ካሜራዋ ልዩነቱን ስለምትይዝ ድርቅን ቀድሞ ለመጠርጠር ይረዳል።

ግን እውነቱን እናውራ። የአሜሪካው ላንድሳትና የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 እንዲህ ዓይነት ምስል በነጻ ይሰጣሉ። እንደውም የሴንቲኔል የበለጠ የጠራ ነው። ታዲያ የራሳችን ለምን አስፈለገን?

ለሙያው ነው። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ብትሆንም የኛ መሐንዲሶች በዲዛይኑም በግንባታውም ተሳትፈዋል። መቆጣጠሪያ ጣቢያውም እዚሁ እንጦጦ ነው። ሳተላይቷ እንድታገለግል የታሰበው ለ2 ዓመት ብቻ ነበር። እንደ ማንኛውም ስልክ ታረጃለች፤ በእጃችን የሚቀረው የተማረው ሰው ነው። በዓመቱ፣ ታህሳስ 2013 ላይ፣ ሁለተኛዋ ሳተላይት ኢቲ ስማርት አር ኤስ ኤስም ከቻይና መጥቃለች።

ህንድም የጀመረችው በሰው ሮኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የመጀመሪያ ሳተላይቷን አርያባታን ያመጠቀችላት ሶቭየት ህብረት ነበረች። በ1980 በራሷ ሮኬት ሳተላይት አመጠቀች። በ2023 ደግሞ መንኮራኩሯ በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አካባቢ አረፈች። በመሃል የከሸፉባት ሙከራዎች ነበሩ፤ ባለሙያዎቿን ግን አልበተነችም።

ስለዚህ የኛም ጥያቄ እዚህ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፦ ያኔ የሰለጠኑት ልጆች ዛሬ በሙያቸው ላይ አሉ? ከህዋ የመጣው መረጃስ ወረዳ ላለው የግብርና ባለሙያ፣ ከሱም ለገበሬው፣ ዝናቡ ሳያልፍ ይደርሳል? ይሄ ከተመለሰ ሳተላይቷ የዳቦ ጉዳይ ናት። ካልተመለሰ ግን ጠያቂዎቹ ልክ ነበሩ።