አየር ሲጠቁር፦ ከብረት ከተማ እስከ ማጀታችን

 

በዚህ ወር በቀን መብራት ታበራ ስለነበረች አንዲት ከተማ ላጫውታችሁና ወደ ማጀታችን እንመለሳለን። ከተማዋ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት የምትገኘው ፒትስበርግ ናት። ዙሪያዋ ኮረብታ ነው፤ ኮረብታው የድንጋይ ከሰል የሞላበት ነበር፤ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ሦስተኛውን የሚፈጥሩትም እዚያው ነው። ከሰሉም ማጓጓዣውም ደጇ ላይ ስለነበረ የብረት ማቅለጫዎች ተተከሉባት፤ ለድልድዩ፣ ለፎቁ፣ ለባቡር ሐዲዱ የሚሆን ብረት ከእርሷ ይወጣ ጀመር። የዚያኑ ያህል ጭስም ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ ረፋዱ ላይ የመንገድ መብራት በርቶ፣ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ሲሄዱ ይታያል፤ ላየው ሰው ሌሊት ይመስላል። የቢሮ ሠራተኛው ጠዋት የለበሰው ነጭ ሸሚዝ እኩለ ቀን ላይ አንገትጌው ስለሚጠቁር ቅያሪ ይይዝ ነበር ይባላል።

የሚገርመው ብዙው ነዋሪ ጭሱን አለመጥላቱ ነው። ጭስ ካለ ሥራ አለ ብሎ ያስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ፋብሪካዎቹ ሲቀዘቅዙ ሰማዩ ጠራ፤ የጠራው ሰማይ ግን ለሠራተኛው የረሃብ ምልክት ነበር። እኛስ ብንሆን? ጭስ የማይወጣበት ቤት ስናይ «ምን ሆነው ይሆን?» እንላለን እንጂ አየራቸው ንጹሕ ነው አንልም።

ከተማዋ የጭስ መቆጣጠሪያ ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። ጦርነቱ አዘገየውና በፋብሪካዎች ላይ በ1946፣ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ደግሞ በ1947 ተግባራዊ ሆነ። «መኖሪያ ቤቶች» የሚለውን አስምሩበት። ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ትልቁ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነበር፤ በየቤቱ ለማሞቂያ የሚነደው ርካሽ ከሰል ግን ጭሱ ዝቅ ብሎ፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ይቀር ነበር። ቤቶቹ ጭሱ አነስተኛ ወደሆነ ከሰል፣ ቀጥሎም በቧንቧ ወደመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ሲዞሩ፣ ባቡሮቹም በናፍጣ መሄድ ሲጀምሩ፣ ከተማዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፀሐይ አየች። ብረቱ ግን ያኔም ይቀልጥ ነበር።

ከፒትስበርግ በስተደቡብ በወንዝ ዳር ያለችው ዶኖራ ይህ አልደረሰላትም። ወደ 14,000 ሰው የሚኖርባት፣ የብረትና የዚንክ ፋብሪካ ያላት የሸለቆ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1948 መጨረሻ ቀዝቃዛ አየር ሸለቆው ውስጥ ተኛ፤ ሞቃቱ አየር ከላይ እንደ አክንባሎ ገጠመበት፤ ጭሱም መውጫ አጣ። ዝናብ መጥቶ እስኪያጥበው ድረስ 20 ሰዎች ሞቱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ታመሙ።

ይህ አክንባሎ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ኩታበር ከፍታ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብትመለከቱ፣ ከየቤቱ የወጣው ጭስ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ደሴም ከጦሳ ሥር ስትነቃ እንዲሁ ናት። ሰው «ጉም ነው» ብሎ ያልፋል። ጉም ውሃ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይተናል። የጭስ ብናኝ ግን አይተንም።

በአገራችን ዓይን ያየው በጽሑፍ የተያዘበት ቦታ አለ፤ የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ። አብራሪ ምን ያህል ርቀት ማየት እንደሚችል ማወቅ ስላለበት፣ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ይህንን እየተከታተሉ ይመዘግባሉ። የእንግሊዙ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአዲስ አበባን፣ የናይሮቢንና የካምፓላን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 2018 ያለውን አገላብጠው፣ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ የአየር ብናኝ ከ1970ዎቹ ወዲህ በአዲስ አበባ 62 በመቶ፣ በካምፓላ 162 በመቶ፣ በናይሮቢ 182 በመቶ መጨመሩን ገምተዋል። የአየር ብክለት መለኪያ ባልነበረበት ዘመን የተጻፈ የእይታ መዝገብ ይህን ያህል መናገሩ እኔን በጣም ነው ያስደነቀኝ።

ዓይንና ሳንባ በምን ተገናኙ ትሉ ይሆናል። ብርሃንን በትኖ ተራራውን የሚሰውርብን ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ወደ ሠላሳ ጊዜ ያህል ይቀጥናል። ትልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ያስቀሩታል፤ ይህኛው ግን እስከ ሳንባ መጨረሻ ከረጢቶች ይዘልቃል፤ በከፊልም ወደ ደም ይገባል። በስትሮክና በልብ ሕመም የሚያስጠረጥረውም ለዚህ ነው።

በእኛ አካባቢ ስለ ጭስ ሲነሣ ሰው ጣቱን ወደ ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ይቀስራል። መጠየቁ ተገቢ ነው። ነገር ግን የኩታበር እናት በቀን ብዙውን ጭስ የምትስበው ከማጀቷ ነው። ማጀት ውስጥ የእይታ መዝገብ የሚይዝ ባለሙያ ባይኖርም ጥቀርሻው አለ። ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ሬንጅ የሚያብረቀርቀው ጥቀርሻ የስንት ዓመት መዝገብ መሰላችሁ! እንጀራ እየተጋገረ በር ላይ ቁሙና ከምጣዱ ማዶ ያለውን ግድግዳ ለማየት ሞክሩ። ካልታያችሁ እናንተም በቀትር መብራት የሚያስፈልጋት ከተማ ውስጥ ናችሁ።

አሮጊቶቻችን ጭስ ሳር ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቃል ይላሉ፤ አልሳሳቱም። ነገር ግን ሳር ክዳን ጭሱን በየቀዳዳው ያሾልከዋል፤ ዛሬ ብዙው ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ጭሱን ይይዘዋል። በዚያ ላይ ማገዶው ኩበት ነው፤ ኩበት ደግሞ ከደረቅ እንጨት የበለጠ ይጨሳል።

መድኃኒት ቤት ስሠራ ለአንድ ልጅ በወር ሁለት ጊዜ የሳል ሽሮፕ የምትጠይቅ እናት አጋጥማኛለች። «እህቴ፣ እንጀራ ስትጋግሪ ልጁ የት ነው?» አልኳት። «ጀርባዬ ላይ ነዋ!» አለችኝ። ሽሮፑ ጭሱን አያስወጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ሕፃናቱን የሚገድላቸው በአብዛኛው የሳንባ ምች ነው። እናቶች ላይ ደግሞ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የዓይን ሞራ ያስከትላል።

ስለዚህ ልጅ ሲያስል አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ልጁ ተረጋግቶ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወደ ሽሮፕ ሳይሆን በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከሁለት ወር በታች የሆነማ በጭራሽ ቤት ውስጥ አይታከምም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም ለሳንባ ግን ይበጃል። «ምርጥ» የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል፤ የተቆጠበው ማገዶ ያልጨሰ ጭስ ነው። የጭስ ማውጫ ቧንቧ የሌለው ከሆነ ግን ጭሱ ቤት ውስጥ ይቀራልና ከጣሪያው ሥር ትይዩ ሁለት መስኮት አስከፍቱ። ኩበቱንና እንጨቱን በደንብ አድርቁ። መብራት ያለው ቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር ከሁሉ ይሻላል፤ መብራቱ እንደሚጠፋ እኔም አላጣሁትም። በረመዷን ለሱሑር ተነሥታችሁ ስታበስሉ ብርዱን ፈርታችሁ በሩን አትዝጉት፤ የተኛ ሕፃን ካለም ከማጀት ያርቁት። ለወዳጃ የተሰበሰበ ሰው በሞላበት ክፍል ዕጣኑ ሲበዛ ደግሞ አስም ያለበት ሰው ሊታፈን ይችላልና በር ይከፈት።

ከሁሉ የምሰጋው ግን ከማይታየው ነው። የጋመ ከሰል አይጨስም፤ ቤቱ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሆኖም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። በደጋችን ብርድ ምድጃ ከሰል ይዞ በር ዘግቶ መተኛት የገደለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ እሳት እንዳንተው መከልከላቸውን ከመድረሳ ጀምሮ ሰምተነዋል። ከሰል ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማችሁ በሩን በርግዳችሁ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፤ የተኛውን ቀስቅሱ፤ ካልነቃ ተሸክማችሁ አውጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ድረሱ።