የሸንጎ ምስክርና የችሎት ወረቀት

በእንግሊዝና በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ክዶ ሲከራከር፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ ከሕዝብ መካከል በዕጣ የተጠሩ 12 ተራ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ጁሪ ይባላሉ፤ የዳኛው ሥራ ሕጉን ማስረዳትና ቅጣቱን መወሰን ነው። በአገራችን ይህ ሥርዓት የለም።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነገር መመዘኑ ለሸዋ እንግዳ አይደለም። አንኮበር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ተሟጋቾች «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ በአደባባይ ይከራከሩ ነበር። በሸንጎ የተቀመጡትም አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከማዕረግ ዝቅተኛው ጀምሮ ነበር። ታላቁ አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ ታናሹ ቃሉን ከመድገም በቀር ምን ሊል ይችላል? የመጨረሻው ፍርድ ግን የሸንጎው የበላይ ነበር።

ዛሬ በወረዳም ሆነ በከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር፣ ማስረጃውንም ሕጉንም የሚመዝኑት ዳኞች ብቻ ናቸው። ነጋዴውን የሚጎዳው ይህን ለውጥ አለማስተዋል ነው። አንድ የደብረ ብርሃን እህል ነጋዴ ለወዳጁ 50,000 ብር በሦስት ሽማግሌዎች ፊት ቆጥሮ አበደረ እንበል። ተበዳሪው ቢክድ ሽማግሌዎቹ፣ የተከበሩና እውነተኞች ቢሆኑም እንኳ፣ ብድሩን አያስረዱለትም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነውና። ወዳጅን «ፈርምልኝ» ማለት የሚያሳፍር ይመስላል፤ ዕዳው ከተካደ በኋላ ግን ወዳጅነቱም ገንዘቡም አብረው ይሄዳሉ።

ወረቀቱ ቢኖርም ቀጠሮ መጠበቅ አለ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ከሳሽ የማስረጃውን ዝርዝር ከክሱ ጋር አያይዞ ያቀርባል። ክሱ በሚሰማበት ቀን ሁለቱም ቢቀሩ መዝገቡ ይዘጋል። መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ ብቻውን ቢቀር ነገሩ በሌለበት ይታያል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቀርቦ ቢክድ ደግሞ ክሱ ይሰረዛል። ለገበያ ቀን ብሎ ቀጠሮውን የተወ ከሳሽ በአንድ ወር ውስጥ አመልክቶ፣ የቀረበት ምክንያት በቂ መሆኑን ካላስረዳ በቀር ክሱን መልሶ ማንቀሳቀስ አይችልም።