ሞልቶ ሳለ የማትበላ ልጅ

 

ከጸሎት በኋላ ከምታነሡልን ጥያቄዎች አንዱ ደጋግሞ ስለመጣ በዚህ ዕትም ሰፋ አድርገን ልናየው ወደድን። አንዷ እህት «የማዳም ትልቋ ልጅ ምግብ አትነካም፤ ማዳም ግን ምግብሽ አይጥምም ብላ የምትቆጣው እኔን ነው» ትላለች። ሌላዋ «ልጅቱ ምሳዋን በሶፍት ጠቅልላ ጣይልኝ ትለኛለች፤ ለእናቷ ልንገር ወይስ ዝም ልበል?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላዋ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ከፍሪጅ የሚጠፋው ዳቦና ብስኩት በእርሷ ተሳቦ «ሌባ» እስከመባል ደርሳለች።

እኛ አበሾች እንዲህ ያለ ነገር ስናይ መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ጥጋብ ነው» የሚለው ቃል ነው። ሰው በድርቅና በራብ ሲያልቅ ካየ አገር ለመጣ ሰው፣ ሥጋው፣ ፍራፍሬውና ጣፋጩ በተደረደረበት ማዕድ ላይ ተቀምጣ ሰላጣ የምትቆጥር ልጅ ብታናድደው አይፈረድበትም። «ዓይን በልቷት ነው»፣ «ዓይነ ጥላ ነው» የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ ነገሩ ጥጋብ አይደለም። ስም ያለው፣ ሐኪም የሚያውቀው፣ ልብን እስከማቆም የሚደርስ ሕመም ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት መካከል ይቆጠራል።

ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል። ልጅቱ መወፈርን እጅግ ትፈራለች፤ አጥንቷ ወጥቶ እንኳ መስታወት ፊት ስትቆም የሚታያት ወፍራም ሰው ነው። ምግቧን ትቀንሳለች፣ ትሮጣለች፣ ደረጃ ትወጣለች ትወርዳለች። ሁለተኛው ቡሊሚያ ነርቮሳ ነው። በዚህኛው ሰውየው ተደብቆ ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ይውጣል፤ ከዚያ ጸጸትና ፍርሃት ይይዘውና ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ያስመልሳል፣ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስዳል። የቡሊሚያ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ክብደቱ እንደማንኛውም ሰው ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ከፍሪጅ የጠፋው ዳቦ ምስጢርም አንዳንድ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ወንዶች ልጆችም ይያዛሉ፤ እነርሱ ዘንድ ግን ጡንቻ የማውጣትና የጂም ጉዳይ መስሎ ይሸፈናል።

ይህ የፌስቡክና የቲክቶክ ዘመን ያመጣው ብቻ አይደለም። የለንደኑ ሐኪም ዊሊያም ገል እና የፓሪሱ ሐኪም ሻርል ላሴግ የመጀመሪያውን ሕመም በ1873 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገልጸውታል። ቡሊሚያን በስሙ የለየው ጄራልድ ራስል የተባለ ሐኪም ሲሆን ጊዜውም 1979 ነው። ይሁንና የምናየው ምስል ምንም አያደርግም ማለትም አይደለም። ፊጂ በምትባለው የደሴቶች አገር፣ ልክ እንደ እኛ አገር፣ ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የደስታ ምልክት ነበር። በ1995 ወደ አንዱ የአገሪቱ አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በዚያው ዓመት ተማሪ ልጃገረዶችን ስትጠይቅ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልነበረችም። በ1998 ተመልሳ ስትጠይቅ ከመቶ 11 ያህሉ እናስመልሳለን አሉ። ከዚህ በተጨማሪ ሕመሙ በዘር የሚወረስ ዝንባሌ እንዳለው ታውቋል። ስለዚህ «እናቷ አበላሽታት ነው» ማለትም ትክክል አይደለም።

«ምግብ ከጠላች ታዲያ ለምን ኩሽና ገብታ ኬክ ትጋግራለች? ለምን ሌላውን ብሉ ብሉ ትላለች?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንድ ታሪክ አለ። በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች፣ ፈቃደኞች ሆነው፣ ለስድስት ወር ከሚያስፈልጋቸው ምግብ ግማሽ ያህል ብቻ እየበሉ ኖሩ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የሚያስገርመው ግን የአእምሯቸው ነገር ነው። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ያወሩ ጀመር፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሰበሰቡ፣ ሳህን ላሱ፣ በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ተለዩ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት ምንም አልነበረባቸውም። ራብ ራሱ አእምሮን ያውካል ማለት ነው። ልጅቱ ምግብን አልጠላችውም፤ ተርባለች፣ ግን ፈርታዋለች። የራባት አእምሮ ደግሞ ምክር አይሰማም። ስለዚህ ለእርሷ የመጀመሪያው መድኃኒት ምግብ ነው የሚሉት ሐኪሞች ቀልደው አይደለም።

እናንተ ከወላጆቿ ቀድማችሁ የምታዩት ብዙ ነገር አለ፤ ልብሷን የምታጥቡት፣ አልጋዋን የምታነጥፉት እናንተ ናችሁና። በሙቀት ወራት ሹራብ ደራርባ ትለብሳለች፣ ኤሲ አጥፉልኝ ትላለች። ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉር ይበዛል፣ ክንዷ ላይ ደግሞ እንደ ሕፃን ያለ ስስ ፀጉር ይበቅላል። የወር አበባዋ ይቀራል። ከምግብ እንደተነሣች ወደ መታጠቢያ ቤት ትገባና ቧንቧውን ከፍታ ትቆያለች። የሚያስመልሱት ልጆች የጣታቸው አንጓ ላይ ጥርስ የፋቀው ጠባሳ ሊኖር ይችላል፣ ጉንጫቸው ከመንጋጋቸው ሥር ያብጣል፣ ጥርሳቸውም ይበላል። ከፍራሽ ሥር የብስኩት ወረቀት ወይም የመድኃኒት ልጣጭ ይገኛል። የከሳ ሁሉ ግን ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ፣ የአንጀት ሕመም፣ ቲቢም ያከሳሉ። ያንን የሚለየው ሐኪም ነው።

ትልቁ አደጋ የልብ ነው። ብዙ የሚያስመልስ ሰው ከደሙ ውስጥ ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ይቀንስና ልብ ምቷን ትስታለች። ብዙ የከሳ ሰው ልቡ እጅግ ይዘገያል። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ደም ካስመለሰች፣ ወይም «መሞት እፈልጋለሁ» ካለች ማዳም እስክትመለስ አይጠበቅም። አምቡላንስ በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬቶች 998፣ በኩዌት 112፣ በዮርዳኖስ 911 ነው።

እንግዲህ ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንምጣ፤ መንገር ወይስ ዝም ማለት? የእኛ አሳብ መንገር ይሻላል ነው። ልጅቱ «ከነገርሽ እጠላሻለሁ» ብትልም ምስጢሩ የሚጠብቀው ሕመሙን እንጂ እርሷን አይደለም። ለእናንተም ቢሆን በኋላ «አንቺ ታውቂ ነበር» ከመባል በጊዜ መናገር ይሻላል። ሥራችሁን እንደሚያሰጋ እናውቃለን፤ ስለዚህ አነጋገሩን እወቁበት። እንግዶች ወይም ወንድሞቿ ባሉበት አትንገሩ። ማዳም ብቻዋን ስትሆን፣ የሕመም ስም ሳትጠሩ፣ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። «አል ቢንት ማ ታኩል» (ልጅቱ አትበላም)፣ «ተስተፍሪግ» (ታስመልሳለች)፣ «ዳይኻ» (ያዞራታል)። «ልጅሽ አእምሮዋን አሟታል» ያለች ሠራተኛ ስድብ ያተርፋታል፤ «ትናንትም ዛሬም ከምሳ በኋላ አስመለሰች፣ ፈራሁላት» ያለች ግን ልትሰማ ትችላለች። ማዳም ባትሰማ ለአያቷ ወይም ለታላቅ እህቷ መንገር አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአፋችሁ ጠብቁ። በእኛ አገር «ተመችቶሻል፣ ፊትሽ ሞላ» ምርቃት ነው። መብላት ለጀመረች ለዚህች ልጅ ግን እሳት ነው፤ በማግሥቱ ትተወዋለች። ስለ ሰውነቷ ክፉም ደግም አትናገሩ። ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ጓደኞቿ አጫውቷት።

ሕክምናው አለ፣ ይድናሉም። ለልጆች በጥናት የተደገፈው ሕክምና በ1980ዎቹ በለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው የቤተሰብ ሕክምና ነው። ልጅቱ ስለ ምግብ መወሰን ስላቃታት ለጊዜው ወላጆቿ ይወስኑላታል። ምን ያህል እንደምትበላ እነርሱ ያቀርባሉ፣ አብረዋት ይቀመጣሉ፣ ሳይቆጡም ሳይለምኑም እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። ክብደቷ ሲመለስ ውሳኔው ቀስ በቀስ ለእርሷ ይመለስላታል። በ2010 በአሜሪካ በወጣ ጥናት 121 ልጆች ለሁለት ተከፍለው ታክመው ነበር። ሕክምናው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ በቤተሰብ ሕክምና ካለፉት ከመቶ 49ኙ ሙሉ በሙሉ ድነው ተገኙ፤ ለብቻቸው ከሐኪም ጋር በመነጋገር ከታከሙት ግን ከመቶ 23ቱ ናቸው። ወራት የሚፈጅ ነገር ስለሆነ በአንድ ሳምንት ለውጥ አትጠብቁ።

በዚህ ውስጥ የእናንተ ድርሻ እንደታዘዘው ማብሰል ነው። ልጅቱ «ዘይቱን ቀንሺልኝ፣ ሩዙን ግማሽ አድርጊልኝ» ብትል «እናትሽ ያለችውን ነው የማደርገው» በሉ። አዝናችሁም በድብቅ ቅቤ አትጨምሩ፤ ካወቀች የእጃችሁን ምግብ አታምነውም። እጅግ ለከሳ ልጅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ማጉረስ አደገኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ሲበላ በደሙ ያለው ፎስፌት የተባለ ንጥረ ነገር ወርዶ ሊሞት ይችላልና መጠኑን ሐኪም ይወስን። ማብላቱ ግን የወላጅ ሥራ ነው። «አንቺ አብያት» ብለው ቢተዉባችሁ ሐኪሙ ማን እንዲቀመጥ እንዳዘዘ በትሕትና ጠይቁ።

ስለ ጾምም ጥቂት እንበል። ሕመሙ በጾም ሥር መደበቅ ይወዳል፤ በሙስሊም ቤት በረመዳን፣ በእኛም ቤት በሁዳዴ። የሚጾም ሰው ሲፈታ በደስታ ይበላል፤ ይህች ልጅ ግን ፋሲካም ሆነ ዒድ ሲመጣ ጭንቀቷ ይብሳል። የታመመ እንዳይጾም እነርሱም ዘንድ እኛም ዘንድ ተፈቅዶለታል። ከእናንተ መካከል ራሷን የምታውቅ፣ ሌሊት ተደብቃ በልታ የምታስመልስ እህት ብትኖር ጾሙን ለብቻዋ አትወስን፣ ለንስሐ አባቷ ትንገር፤ ሐኪምም ትይ። በዚህ የሚደነግጥባት የለም።

አገር ቤት ለአክስት ወይም ለአያት የተዋችኋት ልጅም አለች። በስልክ «በላሽ?» ስትሏት ሁልጊዜ «በላሁ» ነው የምትለው። ምስሏን እያያችሁ ስትከሳ ካስተዋላችሁ አሳዳጊዋን ስለ ወር አበባዋና ከምግብ በኋላ ስለምታደርገው ጠይቁ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደዋት ደሟና ልቧ ይታይ፤ ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ካስፈለገ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ለእርሷም ቁጣ አትላኩባት፤ «እናቴ የምትለፋው ለኔ ነው» የሚለው ሸክም አስቀድሞ ጫንቃዋ ላይ ነው።