ብራንዲ ውስጥ የተደበቀው ጽጌረዳ

ሳይድካር የተባለው ኮክቴል እ.ኤ.አ. በ1922 በታተሙ ሁለት መጻሕፍት፣ በሃሪ ማክኤልሆን እና በሮበርት ቬርሜር የመጠጥ መምሪያዎች ውስጥ ሰፍሯል። የሚገባበት ነገር ሦስት ብቻ ነው። ዛሬ የተለመደው ልክ 50 ሚሊ ሊትር ኮኛክ፣ 20 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ሊከርና 20 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ነው። ከሊከሩ ጥቂት ቀንሰው በምትኩ የላቬንደር ሽሮፕ የሚያስገቡ ባርማኖች አሉ። ለጌጥ የተደረገ ይመስላል፤ ነገር ግን አበባው ብራንዲው ውስጥ ድሮም ነበረ።

ኮኛክ ከነጭ ወይን ጠጅ የሚወጣ ብራንዲ ነው። ጠጁ በመዳብ ማንጠሪያ ሁለት ጊዜ ተነጥሮ በኦክ በርሜል ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል። ገና ወይኑ ሲፈላ እርሾው ፌኒል ኤታኖል የተባለ ውሁድ ያመነጫል፤ ለጽጌረዳ መዓዛዋን ከሚሰጧት አንዱ ይኸው ነው። ቤታ ዳማሴኖን የሚሉትም እንዲሁ በብራንዲም በጽጌረዳ ዘይትም ይገኛል። በዘይቱ ውስጥ ያለው መጠን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ አፍንጫ ግን እጅግ ጥቂቱን ስለሚለይ የሽታው ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው።

የላቬንደር መዓዛ በአብዛኛው የሚመጣው ከሊናሎልና ከቅርብ ዘመዱ ከሊናሊል አሲቴት ነው። ሊናሎል በጥቂቱ በብርቱካን ልጣጭም አለ፤ ላቬንደሩ ከሊከሩ ጋር የማይጣላው ለዚህ ይመስላል። የሚገርመው ግን የድንብላል ፍሬ ነው፤ የዘይቱ ከግማሽ በላይ ሊናሎል ነው። ላቬንደር ያላገኘ ሰው ድንብላል ሰነጣጥቆ በትኩስ ሽሮፕ ቢዘፈዝፍ ከአበባው ብዙም አይርቅም።

አደጋው መብዛቱ ነው። ሊናሎል በሳሙናና በሽቶ ውስጥ ስለሚገባ፣ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ጠጪው የታጠበ ልብስ የቀመሰ ይመስለዋል። ላቫንዲን የሚባለው የላቬንደር ዲቃላ ደግሞ ካምፎር ስለሚበዛበት ለመጠጥ አይመረጥም። ደረቁን አበባ ከእሳት በወረደ ሽሮፕ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት ይበቃል፤ ከቆየ ይመራል።

በበረዶ ሲናጥ ሌላ ነገር ይከተላል። አልኮል የመቀዝቀዣ ነጥብን ስለሚያወርድ መጠጡ ሳይረጋ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ቅዝቃዜ የመዓዛው ሞለኪውሎች እንደ ልብ አይተኑም። የቀለጠው በረዶ ግን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በስዊድን የሚሠሩት ብዮርን ካርልሶን እና ራን ፍሪድማን በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ለውስኪ የጭስ ሽታ የሚሰጠው ጓያኮል አልኮሉ ሲቀጥን ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል። ስሌቱ ለብራንዲ የተሠራ ባይሆንም ተመሳሳይ ነገር መጠበቅ አይከፋም። ለማንኛውም የብርቱካን ልጣጭ በብርጭቆው ላይ ጨመቅ ማድረግ ቅዝቃዜው ያፈነውን ሽታ ይክሳል።

የላቬንደሩን አበባ ከምግብ ቅመም ቤት ይግዙ። ከአበባ መሸጫ የሚገኘው ለአበባ ማስቀመጫ የበቀለና ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ስለሚችል ብርጭቆ ውስጥ አይግባ።