ትንሿን ጥፋት ማን ይክሰስ? የከተማ ዐቃቤ ሕግ ጉዳይ ከለንደን እስከ አዲስ አበባ

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ነው። ለንደን ከገቡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው አንድ የማከብራቸው አባት ባለፈው ዓመት ደብዳቤ ይዘው ቤቴ መጡ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና «ዶክተር፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ። እኔ የገባኝ ወንጀለኛ ሆነሃል የሚል ነው» አሉኝ።

አነበብኩት። እውነትም ተፈርዶባቸዋል። ከወራት በፊት መንገድ ላይ የሲጋራ ቁራጭ ሲጥሉ ደንብ አስከባሪ ይዟቸው የቅጣት ወረቀት ሰጥቷቸው ነበር። ወረቀቱ ጠፋባቸው። በመካከሉ ቤት ቀየሩ። ክሱ በፖስታ ወደ አሮጌው ቤት ሄደ፤ መልስ የሚሰጥ አልተገኘም፤ በሌሉበት ተፈረደባቸው። ቅጣቱና የከሳሽ ወጪው ሲደመር ለአንድ ጡረተኛ የወር ቀለብ ነው። እሳቸውን ያንገበገባቸው ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። የከሳሹን ስም ሲያዩ ፖሊስ አይደለም፤ የመንግሥት ዐቃቤ ሕግም አይደለም፤ የሰፈራቸው ካውንስል ነው። «ቀበሌው ነው እንዴ የከሰሰኝ?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ቀበሌው ነው አልኳቸው።

የእሳቸው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስለ ዲሞክራሲ ስንከራከር የምንዘለው ትልቅ ነገር እዚህ ውስጥ አለ። ተራው ዜጋ መንግሥትን በአብዛኛው የሚያገኘው በአገር ክህደት ወይም በነፍስ ግድያ ክስ አይደለም። በቆሻሻ፣ በጉልት ንግድ፣ በትኬት፣ በድምፅ ብክለት፣ ያለ ፈቃድ በተሠራ አጥር ነው። እነዚህን ጥቃቅን ጥፋቶች ማን ይክሰስ? ከተማው የራሱን ዐቃቤ ሕግ ቢቀጥር ይበጃል ወይስ ይጎዳል?

በለንደን ከሳሹ ማን ነው?

በእንግሊዝ አገር እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ አብዛኛውን የወንጀል ክስ የሚመሠርተው ራሱ ፖሊስ ነበር። የያዘው፣ የመረመረውም፣ የከሰሰውም አንድ መሥሪያ ቤት መሆኑ ደግ አይደለም ሲል በ1981 እ.ኤ.አ. አንድ ንጉሣዊ ኮሚሽን ሪፖርት አቀረበ። በ1985 በወጣው ሕግ መሠረትም በተከታዩ ዓመት የዘውዱ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ።

ብዙዎቻችን ከዚያ ወዲህ ክስ ሁሉ በዚህ መሥሪያ ቤት በኩል የሚያልፍ ይመስለናል። አይደለም። ለንደን 32 ቦሮዎችና ጥንታዊው የሲቲ ኦፍ ለንደን አስተዳደር አሏት። እነዚህ ምክር ቤቶች የነዋሪዎቻቸውን ጥቅም ለማስጠበቅ በስማቸው እንዲከሱ የ1972ቱ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ በአንቀጽ 222 ይፈቅድላቸዋል። ስለዚህ ቆሻሻ የጣለውን በ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረውን ወላጅ በ1996ቱ የትምህርት ሕግ፣ ወጥ ቤቱ አይጥ የሚርመሰመስበትን ምግብ ቤት በምግብ ንጽሕና ደንብ፣ ያለ ፈቃድ ቤት በክፍል በክፍል የሚያከራየውን ባለ ንብረት በ2004ቱ የቤቶች ሕግ የሚከሱት የካውንስሉ የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። ሳይከፍል ባቡር የተሳፈረውን ደግሞ የለንደን ትራንስፖርት ራሱ ይከሳል። በሰፈራችን ታክሲ ነጂዎች ዘንድ የታወቀው የፓርኪንግ ቅጣት ግን ለብቻው ነው። በ1991ዱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከወንጀልነት ወጥቶ አስተዳደራዊ ዕዳ ሆኗል፤ ይግባኙም ወንጀል ችሎት አይቀርብም።

እንግዲህ ለንደን የራሷን ጥቃቅን ክስ የሚመሩ ሰዎች ቀጥራ ደመወዝ ትከፍላለች ማለት ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ነፍሰ ገዳይና ቀማኛ የተደረደረበት ብሔራዊ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ የሰፈር ቆሻሻ ክስ ቢሄድ መቼ ይታያል? ካውንስሉ ግን ሰፈሩን ያውቃል፤ የትኛው ጥግ እንደሚቆሽሽ፣ የትኛው አከራይ ተደጋጋሚ አጥፊ እንደሆነ ያውቃል።

ሦስቱ ልጓሞች

ሥልጣኑን ከጉልበተኝነት የሚጠብቁት ሦስት ልጓሞች ናቸው። ልብ ብለን እንያቸው፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ይጠቅሙናል።

አንደኛ፣ ዐቃቤ ሕጉን የቀጠረውን ምክር ቤት ነዋሪው በየአራት ዓመቱ ይመርጠዋል፤ ካልወደደው ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ ዳኛው የካውንስሉ ተቀጣሪ አይደለም። የማጅስትሬት ፍርድ ቤት የማንም ቦሮ አይደለም፤ ችሎቱ የሚጥለው የገንዘብ መቀጮም ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ግምጃ ቤት እንጂ ወደ ካውንስሉ ካዝና አይገባም። ካውንስሉ ቢረታ የሚያገኘው የክስ ወጪውን ነው። ሦስተኛ፣ የዘውዱ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር በ1985ቱ ሕግ አንቀጽ 6 መሠረት ሌላው የጀመረውን ክስ ተረክቦ ማቋረጥ ይችላል። ማለትም ከሳሹን «ተው» የሚል አለ።

ልጓሙ ሲላላ

ለንደን የተቀመጥን ስደተኞች ይህን አገር ገነት አድርገን የመሳል አመል አለን። እኔ ግን እዚህም ልጓሙ ሲላላ የሚሆነውን አይቻለሁ።

ችሎት የሚጥለው መቀጮ ለካውንስሉ ባይገባም፣ መንገድ ላይ የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት ገንዘብ ግን ለካውንስሉ ይገባል። ለቆሻሻ መጣል የሚጠየቀው ከፍተኛው መጠን በጁላይ 2023 እ.ኤ.አ. ከ150 ወደ 500 ፓውንድ ከፍ ብሏል። አንዳንድ ካውንስሎች ይህን ሥራ ለግል ኩባንያ ያስረክባሉ። ኩባንያው በሰጠው ወረቀት ልክ የሚከፈለው ከሆነ ዓይኑ ሰፈሩን በሚያቆሽሸው የጭነት መኪና ላይ ሳይሆን ጥግ ላይ ሲጋራ በሚያጨሱት ሽማግሌ ላይ ቢያርፍ ምን ይገርማል? ሽማግሌው አይሮጡማ!

ሌላው በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው ሥርዓት ነው። ለጥቃቅን ክሶች አንድ ማጅስትሬት ከሕግ አማካሪ ጋር ሆኖ፣ ሕዝብ በማይገባበት፣ በወረቀት ብቻ ይፈርዳል። ያባታችንም ጉዳይ ያለቀው በዚህ መንገድ ነው። ሥርዓቱ ወጪ ይቀንሳል፤ ግን ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው ሳያውቀው ይፈረድበታል። በኦገስት 2024 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝና የዌልስ ዋና ማጅስትሬት ፖል ጎልድስፕሪንግ 74,000 ገደማ የሚሆኑ በባቡር ትኬት ጉዳይ የተላለፉ ፍርዶች ከመነሻው ዋጋ የላቸውም ብለዋል። ምክንያቱም የባቡር ኩባንያዎች በ1889ኙ የምድር ባቡር ሕግ የሚመሠርቱትን ክስ በዚህ አጭር መንገድ እንዲያቀርቡ ሕጉ አልፈቀደላቸውም ነበር። ስሕተቱን ዳኞቹም ለዓመታት አላዩትም።

ከሁሉ የከፋው የፖስታ ቤቱ ጉዳይ ነው። ከ1999 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሆራይዘን የተባለው የሂሳብ ኮምፒዩተር ሥርዓት ባሳየው የውሸት ጉድለት ሰበብ ከ900 በላይ የቅርንጫፍ ፖስታ ቤት ኃላፊዎች በስርቆትና በማጭበርበር ተፈርዶባቸዋል። ወደ 700 የሚሆኑትን የከሰሰው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነበር። ተበዳይ ነኝ ባዩም፣ መርማሪውም፣ ከሳሹም አንድ ሆነ። ሰዎች ታሰሩ፤ ቤታቸው ተሸጠ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ፓርላማው በሜይ 2024 ልዩ ሕግ አውጥቶ ፍርዶቹን ሰረዘ። ፖስታ ቤት ከተማ አይደለም። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ከክሱ የሚጠቀም አካል «ይህ ክስ አይገባም» የሚል ሰው ከውስጡ አይወጣለትም።

ይህ የእንግሊዝ በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ፈርጉሰን የምትባል 21,000 ያህል ነዋሪ ያላት ከተማ የራሷ ዐቃቤ ሕግም፣ የራሷ ፍርድ ቤትም ነበራት። ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በፖሊስ አዛዡ መዋቅር ሥር ነበር። በማርች 2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባወጣው ምርመራ ከተማዋ ቅጣትን የገቢ ምንጭ አድርጋው እንደነበረ ተጋለጠ። በዲሴምበር 2014 ከ16,000 በላይ ሰዎች ላይ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ፈርጉሰን ምርጫ ነበራት፤ ነጻ ዳኛ ግን አልነበራትም። አንዱ ልጓም ብቻውን አይበቃም።

አዲስ አበባስ?

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማዋ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ለከተማ ፍርድ ቤቶች የደንብ መተላለፍ ጉዳዮችን የማየት ሥልጣን ሰጥቷል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም እንደ 1949ኙ ሁሉ ደንብ መተላለፍን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጎ ይዞታል። ጥቃቅን የተባሉት እነዚህ ጥፋቶች እስከ ሦስት ወር ሊያሳስሩ ይችላሉ። ዛሬ ከተማዋ የራሷ የፍትሕ ቢሮና በሥሩ የሚሠሩ ዐቃቤያነ ሕግ አሏት። በወረቀት ላይ እንግዲህ ከለንደን ምን አነሰን?

ያነሰን ልጓሙ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሕዝብ ከ138 የምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። ከዚያስ? ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከሌሎች መሪዎች ጋር ቃሊቲ ወረዱ። የከሰሳቸው የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው። ከተማዋን የተረከበው ደግሞ ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የሾመው ባለአደራ አስተዳደር ነው። የአዲስ አበባ ፖሊስ ተጠሪነቱ በዚያው ቻርተር ለፌዴራሉ መንግሥት ነበር። መራጩ ሕዝብ ፖሊሱንም ዐቃቤ ሕጉንም ሳይጨብጥ ድምፁ ባዶ ቀረ።

የጥቃቅኑን ጥፋት ነገርም አንርሳ። በ1996 ዓ.ም. «አደገኛ ቦዘኔነትን» ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 384 ወጥቶ ነበር። በዚህ ሕግ የተጠረጠረ ዋስትና አይፈቀድለትም። ያን ጊዜ የወንበዴ መከላከያ ነው ተባለ። በ1997 እና በ1998 በሺህ የሚቆጠሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ከየቤታቸው እየታፈሱ ወደ ደዴሳና ወደ ሌሎች ካምፖች ሲጋዙ መጠሪያቸው ያው ሆነ፦ አደገኛ ቦዘኔ። ከመካከላቸው ስንቱ ዳኛ ፊት ቆሟል? ልጓም የሌለው የትንሽ ጥፋት ሕግ ለትልቅ ግፍ መሣሪያ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

መንግሥት ተለዋወጠ። በ2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ2014 መልሶ ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ስሙ በተቀያየረ ቁጥር ጥያቄው እዚያው ነው። ደንብ አስከባሪው ያባረራት የጉልት ነጋዴ፣ ዕቃዋ ሲወረስ የት አቤት ትላለች? ከሳሿ፣ ዕቃዋን የወሰደው፣ መቀጮውን የሚሰበስበውና ፍርድ ቤቱን በጀት የሚሰጠው ያው የከተማው አስተዳደር ከሆነ፣ አስተዳደሩን ደግሞ በድምፅዋ ማውረድ ካልቻለች፣ «የራሷ ከተማ ዐቃቤ ሕግ» የሚባለው የማን ነው?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ታዲያ ጨርሶ ለፌዴራሉ ይሰጥ» ይላሉ። አልስማማም። ሩቅ ያለ ከሳሽ ሰፈሩን አያውቅም፤ በ1998 ያየነውም ከሳሹ ፌዴራል ስለሆነ ብቻ ፍትሕ እንደማይገኝ ነው። ከተማው የራሱን ዐቃቤ ሕግ ይቅጠር። ግን በአራት ነገሮች ይታሰር፦ ቀጣሪው ምክር ቤት በነጻ ምርጫ የሚወጣና የሚወርድ ይሁን፤ ዳኛው በጀቱንም ሹመቱንም ከከንቲባው አይጠብቅ፤ መቀጮው ለከሳሹ ካዝና አይግባ፤ ተከሳሹ መጥሪያው በእጁ ሳይደርሰው አይፈረድበት። አገራችንን ነገ የሚመራ ማንም ፓርቲ ይህን በፕሮግራሙ ቢጽፍ ከረጅም መፈክር ይልቅ ለጉልት ነጋዴዋ ይደርሳል።

ቆራኛ

አያቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሰዱ ነበር። የዛሬ ሰው ኋላ ቀር ይለው ይሆናል። እኔ ግን አንድ ጥበብ አይበታለሁ፤ ከሳሹም ታስሯል። ተከሳሹ ፀሐይ ሲመታው ከሳሹንም ይመታዋል፤ በዋዛ የሚከስ አይኖርም። የዘመኑ ከሳሽ ቢሮው ተቀምጦ ደብዳቤ በፖስታ ይልካል እንጂ ከማንም ጋር አልተቋጠረም። ከላይ የዘረዘርኳቸው ልጓሞች የዚያ ቋጠሮ ምትክ ናቸው።

ያባታችንን መጨረሻ ልንገራችሁ። አብሬያቸው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ሄድኩ። ስለ ክሱ ሳላውቅ ተፈረደብኝ ብለው በመሐላ ቃላቸውን ሰጡ፤ ፍርዱ ተነሳላቸው። ለዚህ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው፤ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የመጣባችሁ ወገኖቼ ቀኑ ሳያልፍ ተሯሯጡ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ «ሲጋራውስ ጥያለሁ» ብለው አመኑ፤ መቀጮው በጣም ዝቅ አለ። ስንወጣ «ጥፋቴንማ አልክድም» አሉኝ። «ብቻ ፊቴን አይተው ይፍረዱብኝ ነው ያልኩት።»

የአዲስ አበባዋ የጉልት ነጋዴም የምትጠይቀው ከዚህ አይበልጥም።

ቸር ይግጠመን።
ለንደን