ተራ የደም ምርመራና ከምሳሌ የሚማር ኮምፒዩተር

ተላላፊ በሽታ በደም ውስጥ ምልክት ይተዋል። በባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም ብዙውን ጊዜ የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር ከፍ ሲያደርግ፣ ወባ ፕላትሌትን ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አንድ ለውጥ ብቻውን የበሽታውን ምንነት አያረጋግጥም። ማሽን ለርኒንግ በተባለው ዘዴ፣ በሽታቸው በሌላ ምርመራ የታወቀ ሰዎች የደም ውጤት ለኮምፒዩተር ይቀርባል፤ ኮምፒዩተሩም የብዙ ልኬቶችን ቅንጅት ከበሽታው ጋር ማዛመድን ይማራል።

በ2020 እ.ኤ.አ. በሚላኖ ከተማ በሳን ራፋኤለ ሆስፒታል የ279 ሰዎች ደም በዚህ መንገድ ተጠንቶ፣ የኮቪድ-19 ሕሙማንን ከሌሎቹ የመለየቱ ትክክለኛነት ከመቶ ከ82 እስከ 86 ሆኗል። ከሰዎቹ መካከል ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን እንደነበሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከ1,000 ሰዎች የታመሙት 10 ብቻ ናቸው እንበል። ዘዴው ከሕሙማኑም ሆነ ከጤነኞቹ ከመቶ 90ውን በትክክል ቢለይ፣ 9 ሕሙማንን ያገኛል፤ 99 ጤነኞችንም በስሕተት ሕሙማን ያደርጋል። በዚህ ዓይነት ከተጠረጠሩት 108 ሰዎች በእርግጥ የታመሙት 9 ብቻ ይሆናሉ።

ከዚህ ለመረዳት እንደሚቻለው፣ ዘዴው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በዚያው አካባቢ ሕዝብ ላይ መፈተን፣ የተጠረጠረውም ሰው ሁሉ በማረጋገጫ ምርመራ መታየት ይኖርበታል። ይህን ቀላል ስሌት ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንዲሠሩት ቢደረግ፣ አኀዝን መርምሮ የመቀበል ልማድ ያዳብራሉ።